ጥለት የታሰረበት በር

አዴ ሶሬቲ ማረፋቸውን የሰማሁት ጊምቢ፣ ሱቄ ውስጥ፣ የአንድ ሰውዬ ኮት እጅጌ እያሳጠርኩ ሳለ ነው። ከነቀምቴ የመጣ የአውቶቡስ ሾፌር ገባና ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ሽኩር፣ እናታችን አረፉ» አለኝ። የሱ እናት ከሞቱ ቆይተዋል፣ የኔም እናት ያሉት አገሬ ነው። ማንን ማለቱ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም። መቀሱን አስቀመጥኩና ባለ ኮቱን፣ አንዱ እጅጌ አጥሮ አንዱ እንደረዘመ ጥቂት ቀን እንዲታገሰኝ ለመንኩት። ሰውዬው ደስ አላለውም። እኔም ያን ዕለት ማንንም ደስ የማሰኝበት ሆድ አልነበረኝም።

ሰው ሲሞት ደግነቱን አስቀድሞ ማውራት የተለመደ ነው። እኔ ግን አዴ ሶሬቲን «ደግ ነበሩ» ብዬ ብጀምር ራሳቸው ይታዘቡኛል። ደግ አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ከደግነታቸው ቀድሞ የሚታየው ግን ግትርነታቸው ነበር። አንዴ «እሺ» ካሉ እሺ ነው፤ «አይሆንም» ካሉም አገረ ገዥው ቢመጣ አይሆንም። ለማጋነን አይደለም፤ አገረ ገዥው ባይመጣም፣ ከሱ እምብዛም የማያንስ መጥቶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ከጉራጌ አገር የልብስ ስፌት መኪናዬን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስሬ ነቀምቴ በገባሁ ዕለት ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ አውራው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ስድስት ክፍሎች ያሉት ማደሪያ ነበራቸው። በቅሎ ነጋዴ የነበሩት ባላቸው ሠርተውት የሞቱበት ቤት ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም። «ባጋ ነጋን ዱፍቴ» ብለው ተቀበሉኝና፣ ስሜን ሳይጠይቁ የኮቴን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ማሸት ጀመሩ። ማንንም ሰው ሲያገኙ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ሰውን የሚያውቁት መጀመሪያ በልብሱ ነው። ማን እንደሰፋው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ፣ ትንሽ ኩራትም ሳይኖርብኝ አልቀረም። ስፌቱ ጥሩ መሆኑን፣ ጨርቁን የሸጠልኝ ሰው ግን እንደቀለደብኝ ነገሩኝና የበረንዳውን ጥግ በጣታቸው አሳዩኝ። መኪናዬን እዚያ ተከልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት አልነቀልኩትም።

ነቀምቴ ያን ጊዜ የሸማ አገር ነበረች። ጋቢው፣ ቡሉኮው፣ ኩታው ከያለበት ተሸምኖ ወደ ገበያዋ ይወርዳል። ከጊዳ አያና፣ ከአርጆ፣ ከሻምቡ የሚመጣው ሸማኔና ነጋዴ ሁሉ የሁለትና የሦስት ቀን ማደሪያ ይፈልጋል። ሸማ የያዘ ሰው ደግሞ እንደ እህል ነጋዴ ሜዳ ላይ አያድርም፤ አንድ ሌሊት ዝናብ ካገኘው የወራት ድካሙ አለቀ። ስለዚህ ገበያው ሳይደርስ አልጋ መያዝ ትልቅ ጉዳይ ነበር።

አልጋ የሚያዘው እንዲህ ነው። ስልክ ከመንግሥት ቢሮ በቀር የለም። ስለዚህ ለመጪው ገበያ ክፍል የፈለገ ሰው፣ ራሱ ከሠራው ወይም ከሚነግደው ሸማ የጥለት ቅዳጅ፣ አንድ ስንዝር የምትሆን፣ በሾፌር ወይም በሲራራ ነጋዴ እጅ ይልካል። አዴ ሶሬቲ ተቀብለው የክፍሉ በር ቀለበት ላይ ያስሯታል። ያቺ ጥለት ከታሰረች በኋላ ክፍሉ ሰው አለበት። ባለቤቱ አርጆ ላይ ይሁን ገና ከቤቱ አይነሳ፣ ለአዴ ሶሬቲ ሰውየው እዚያ ተኝቷል። ለመጥረግ ሲገቡ እንኳ በሩን አንኳኩተው ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። እንግዳው ሲደርስ ጥለቷን ፈትተው በእጁ ይሰጡትና «ይኸው ቤትህ» ይሉታል። በቃ፣ ይኸው ነው። የጠፋም የተጣላም ሰው አላየሁም።

እንግዶቻቸውን ግን አያሞላቅቁም ነበር። ቁንጫ በላኝ የሚል ከመጣ፣ ክፍሉ የሳቸው እንደሆነ፣ ቁንጫው ግን ከሰውየው ጋር እንደመጣ በትሕትና ያስረዱታል። ለእኔና ለሙስሊም ነጋዴዎች የተለየ ድስት ነበራቸው፤ ሥጋውንም የኛው ሰው ካላረደው አያቀርቡልንም። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ቀን ሳመሰግናቸው «ሆድህን ሙላና ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ምስጋና ያሳፍራቸው ነበር።

ከእንግዶቹ ሁሉ ያስቸገረው ይመር የሚባለው ሸማኔ ነበር። ወሎዬ ነው፤ ቤተሰቡ ጊዳ አያና ሰፍሮ እዚያ ነው የሚሸምነው። እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን እሬት። ወጡ ጨው በዛበት፣ ፍራሹ ጎረበጠው፣ የኔ መኪና ድምፅ ራሱን አመመው። መንገድ ዳር ያለችውን፣ መስኮት ያላትን ክፍል ካልሆነ አያድርም፤ እሷ እንዳታመልጠው ጥለቱን ከሁሉ ቀድሞ ይልካል። አረንጓዴና ቀይ ጥለት ነበረች። ሳያት ገና ይደክመኛል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ፣ መስቀል ሊደርስ ሲል፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ከነአጀባቸው ይመጣሉ ተባለ። ከተማው ተጠረገ፣ አጥሩ ተከረከመ፣ ውሾቹም ሳይቀሩ ታሰሩ። እንግዳው የአገሩ ትልቅ ባለ መሬት በሆነው ፊታውራሪ ግቢ ያርፋሉ፤ አጀቡ ግን ማደሪያ ያስፈልገዋል። አዴ ሶሬቲ የሚኖሩበት መሬት ደግሞ የፊታውራሪው ነበር። ቤቱ የሳቸው ነው፣ የተቀመጡት ግን በባለ መሬቱ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ሲያበቃ ቤቱም ያበቃል። ይህን እሳቸውም፣ እኔም፣ አገሩም ያውቃል።

የፊታውራሪው አጋፋሪ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መጣ። ስድስቱንም ክፍል ከነገ ጀምሮ እንደሚፈልግ ነገራቸው። አዴ ሶሬቲ በደስታ አምስቱን አስጎበኙት፤ የሩቆቹ ነጋዴዎች ወንዞቹ ስላልጎደሉ ገና አልላኩም ነበር። ስድስተኛዋ በር ላይ ግን የይመር ጥለት ታስራለች። አጋፋሪው መስኮቱን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ለእንግዳው ጸሐፊ የምትሆነው ይቺ ናት አለ።

«እሷ ሰው አለባት፣ ጌታዬ» አሉ አዴ ሶሬቲ።

አጋፋሪው በሩን በአለንጋው ገፋው። ውስጥ የተነጠፈ አልጋ ብቻ ነው ያለው።

«የታለ ሰውየው?»

«መንገድ ላይ ነው።»

አጋፋሪው ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፣ የምመሰክርለት መስሎት ይሆናል። እኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመርኩ። አዴ ሶሬቲ የራሳቸውን መኝታ ለጸሐፊው እንደሚሰጡ፣ አዲስ ጋቢ እንደሚያነጥፉበት፣ እሳቸው ወጥ ቤት እንደሚያድሩ አቀረቡ። ጥሩ ክፍል ነበረች፤ መስኮት ብቻ የላትም። አጋፋሪው ሳቁን አቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የቆምሽበት መሬት የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ኤዬ፣ አውቃለሁ ጌታዬ። መሬቱ የፊታውራሪ ነው። ለክፍሉ እሺ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

አጋፋሪው በቅሎው ላይ ወጣ። ነገ ማታ ሲመለስ ያቺ ጨርቅ በሩ ላይ ካለች፣ ከመስቀል በኋላ በዚህ መሬት ላይ ጭሷ እንደማይታይ ነግሮን ሄደ። እንዲህ ሲል ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም፤ የፈራሁትም ለዚሁ ነው።

ያን ቀን ስፌት አልያዝልህ አለኝ። ስለ ይመር ነው ቤታቸውን የሚያጡት? ስለዚያ ነጭናጫ? እየተናደድኩ ሄጄ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ሳቅ ሁሉ አመጣባቸው። «ብወደው ኖሮ ለምወደው አዳልቼ ነው ብዬ ራሴን እጠረጥር ነበር። ይመርን ደግሞ ማን ይወዳል?» አሉ። ከዚያ ምስሩን ተዉትና፣ «ሽኩር ኮ» አሉኝ፤ የኔ ሽኩር ማለታቸው ነው፤ «ሰው የአንገርን ወንዝ ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ ሸክም አዝሎ የሚመጣው አልጋ አለኝ ብሎ ነው። ሲደርስ በአልጋው ላይ ሌላ ሰው ካገኘ፣ ከዚህ በኋላ የማንን እሺ ያምናል?» አሉ። ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ብከራከርም አይሰሙኝም።

በማግስቱ ማታ አጋፋሪው መጣ፤ ጥለቷን አያት፤ በቅሎውን አዙሮ ተመለሰ። አጀቡ አምስቱን ክፍል ሞላው፣ ጸሐፊው በአዴ ሶሬቲ አልጋ ተኛ፣ እሳቸው ወጥ ቤት አደሩ። ጸሐፊው ራሱ ቅር ያለውም አይመስልም፤ ጠዋት ጋቢውን አመስግኖ ነው የሄደው። ያቺ ባለ መስኮት ክፍል ግን ባዶዋን ነበረች። ይመር አልመጣም። አንገር ሞልቶ መንገዱን ቆርጦት ነበር።

ከተማው ይህን ሲሰማ የሳቀውም ሳቀ፣ የተቆጣውም ተቆጣ። ለባዶ አልጋ ቤቷን የሰጠች ሴት ተባሉ። ሁለት ሽማግሌዎችም ከፊታውራሪው ዘንድ ለማስታረቅ ተልከው መጡ። የጠየቁት ትንሽ ነገር ነበር፤ ማንም ሰው እዚያ ክፍል ባይገባም ግድ የለም፣ አጋፋሪው ባለበት ጥለቷን ብቻ ይፍቷት፤ ክብሩ ከተጠበቀለት ነገሩ በዚሁ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ። አዴ ሶሬቲ ሽማግሌዎቹን በሚገባ አስተናገዷቸው፣ ምሳ አበሏቸው፣ እስከ በር ሸኟቸው። ከዚያ መጥረጊያ አንስተው የይመርን በር አንኳኩና ገብተው መጥረግ ጀመሩ። መልሳቸው ያ መሆኑን ሽማግሌዎቹም ከመንገድ ላይ ሆነው ያዩት ይመስለኛል።

ይመር የደረሰው እንግዶቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ነው። እሱ ከወገቡ በታች ጭቃ ነው፤ በራሱ ላይ የተሸከመው ጥቅል ግን ጠብታ አልነካውም። አዴ ሶሬቲ ጥለቱን ፈትተው ሰጡት። ገባና ወዲያው ብቅ አለ። ክፍሉ ታፍኖ ይሸታል፤ ለምን መስኮቱን አልከፈቱልኝም አለ። ያኔ መኪናዬን ገፍቼ ተነሳሁ፤ ሁሉንም ልነግረው ነበር። አዴ ሶሬቲ ዓይናቸውን ወረወሩብኝ። ተቀመጥኩ። መስኮቱንም ሄደው ከፈቱለት።

መስቀል አለፈ፤ የፊታውራሪው ሰዎች መጡ። አዴ ሶሬቲ አልለመኑም፣ አልተራገሙም። ፍራሾቻቸውንና ድስቶቻቸውን አስወጡ፤ የሙስሊሙን ድስት ለብቻው በጨርቅ ጠቀለሉት። ከዚያ ስድስቱንም በር ዘጉና ለቤቱ ሰውን እንደሚሰናበቱ «ነጋቲ» አሉት። እዚያ ላይ ነው ድምፃቸው የተሰበረው። እኔ መኪናዬን ተሸክሜ ስለነበር የማብስበት እጅ አልነበረኝም፤ ዕንባዬ እስከ አገጬ ወረደ።

ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር፣ እኅታቸው ቤት አንዲት ክፍል አገኙ። እኔም እዚያው ሰፈር ፊቷ ሱቅ፣ ጀርባዋ መኝታ የሆነች ቤት ተከራየሁ። የድሮውን ማደሪያ የአጋፋሪው አማች ያዘው። ግድግዳውን ኖራ ቀባው፤ አዲስ ፋኖስም ሰቀለበት።

የሚቀጥለው ትልቅ ገበያ ሲቃረብ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ጥለቶቹን ይዞ እዚያው በር ላይ ቆመ። አማቹ እጁን ዘረጋለት። ክፍሎቹ ያው ናቸው፣ አልጋዎቹም የተሻሉ ናቸው አለው፤ ውሸቱን አልነበረም። ሾፌሩ ጥለቶቹን መልሶ ኪሱ ከተተና አዴ ሶሬቲን እየጠየቀ ባኬ ጃማ ድረስ በእግሩ መጣ። ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው፤ አራት ነበሩ፣ አንዷ አረንጓዴና ቀይ። አዴ ሶሬቲ ከሚተኙባት አንዲት ክፍል በቀር ምንም የላቸውም፤ እሷንም ከእኅታቸው ጋር ነው የሚጋሯት። አንድ በአንድ አሿቸው፣ ደግመውም አሿቸው። አሁንስ አለቀ፣ ይመልሷቸዋል ብዬ አሰብኩ። መመለስ ነውር አልነበረውም። ነጠላቸውን አነሱና «ተነስ፣ ሽኩር ኮ» አሉኝ።

መጀመሪያ ወደ ወንጌላዊው ኦቦ ገመቹ ቤት ገባን። ሰላምታው በኦሮምኛ ረጅም ነው፤ ከብቱም ልጁም ተጠየቀ። ከዚያ አዴ ሶሬቲ የመጡበትን ነገሩት። ፍራሹን እሳቸው ያመጣሉ፣ እሳቸው ያጥባሉ፣ እሳቸው ያበስላሉ፤ እሱ ለገበያው ሰሞን በሩን ብቻ ይስጣቸው። ኦቦ ገመቹ የልጆቹን ክፍል አሳያቸው። እሳቸው ጥለቷን ቀለበቱ ላይ አሰሩና «ከአሁን ጀምሮ ሰው አለበት፣ እሺ?» አሉት። እሺ አለ። ከዚያ የአገሬ ሰው ወደሆነው ባለ ሱቅ፣ ከዚያ ጠላ ወደምትሸጠው ሸዌ ሄድን። ባለ ሱቁ ትንሽ አንገራገረ፤ መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ሞልቷል አለ። አዴ ሶሬቲ ገብተው ጆንያውን መሸከም ሲጀምሩ ግን ሮጦ ተቀበላቸው።

አራተኛዋ በእጃቸው ቀረች። የኔ ቤት በር ላይ ቆሙ፤ ሳይጠይቁኝ ወደ ጓዳው አልፈው የመኝታዬ በር ላይ አሰሯት።

«አዴ፣ እኔስ?»

«አንተማ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ አለህ። ጨርቅም ሞልቶሃል።»

በገበያው ዋዜማ እንግዶቹ ከአውቶቡስና ከበቅሎ ሲወርዱ የአጋፋሪው አማች ደጁ ላይ ቆሞ ግቡ ይላል። እነሱ ግን ሴትየዋ የት አሉ እያሉ ሸክማቸውን እንዳዘሉ እስከ ባኬ ጃማ መጡ። ይመር የመጨረሻው ነበር። ሾፌሩ በመንገድ ላይ ሁሉንም ነግሮታል። ጓዳዬ በር ላይ ጥለቱን ሲያይ ጥቅሉን መሬት ላይ አወረደ፤ ያ ሰው ሸማውን መሬት ሲያስነካ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«ለኔ ብለው ነው ቤትዎን ያጡት?» አላቸው።

«ላንተ አይደለም። እሺ ብዬ ስለነበር ነው። ግባ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

ይመር ቆሞ አለቀሰ። እኔም የተሰፋውን መልሼ መስፋት ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ በሮቹ በዙ። ገበያ በደረሰ ቁጥር አዴ ሶሬቲ ፍራሽ አስይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ ማየት የሰፈሩ ወግ ሆነ። ባለ ኖራው ማደሪያ ጠጅ ቤት ሆነ፣ ኋላም ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ተመልሰው መጥተው፣ ይቅርታ ከጠየቁ ፊታውራሪው ቤታቸውን እንደሚመልስላቸው ነገሯቸው። አዴ ሶሬቲ ምን አጥፍቼ ነው ብለው ጠየቁ። ቤቱም በዚያው ቀረ። እኔ ትዳር ይዤ ወደ ጊምቢ ስሄድ እሳቸው አሁንም በዚያችው አንዲት ክፍል ነበሩ። ከዓመታት በኋላ እኅታቸው ስትሞት የእኅታቸው ልጆች ክፍሏንም ለሌላ ስለፈለጓት፣ በመጨረሻው ዘመናቸው የሚኖሩት ከጎረቤት ጎረቤት እያደሩ ነበር።

ለልቅሶው በአውቶቡስ ስሄድ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ቤት የሌለው ሰው ልቅሶው የት ይቀመጣል? ልጅ የላቸው፣ ግቢ የላቸው፣ ድንኳን የሚተከልበት ደጅ የላቸው። ያቺ አንዲት እሺ ያስከፈለቻቸው ይህን ሁሉ ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ስናደድ ነበር፤ በአጋፋሪውም፣ በይመርም፣ በሳቸውም። ከመናኸሪያው ባኬ ጃማ ስደርስ ድንኳን አላየሁም። እንስራ የያዘች ሴት አገኘሁና የአዴ ሶሬቲ ልቅሶ ቤት የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋት።

ከየት የመጣ ሰው ነው በሚል ዓይን አየችኝ።

«በፈለጉት በር ይግቡ» አለችኝ።

ቀና ብዬ መንገዱን አየሁት። ግራና ቀኝ አንድም የተዘጋ በር አልነበረም። በወንጌላዊው ቤት መዝሙር ይዘምራሉ፤ በባለ ሱቁ መጋዘን የኛ ሰዎች ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፤ የሸዌዋ ግቢ ጋቢ በለበሰ ሰው ሞልቷል። ከያለበት የመጡ ሸማኔዎች ከበር በር እየተቀባበሉ ይገባሉ። እኔም ቅርብ ወደነበረው በር ገባሁ። የድሮው ቤቴ ነበር። አሁን የማላውቃቸው ሰዎች ይኖሩበታል፤ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፤ ከአግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ተቀምጬ አለቀስኩ።